የሶፍትዌር ኩባንያ ኢንተርቪውና ሥራ፦ ፈተናው ሌላ፣ ሥራው ሌላ

ስሙን ሳልጠራ ስለሠራሁበት የሶፍትዌር ኩባንያ ልንገራችሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ። የኢንተርቪው አካሄዳቸው ግን አናዶኛል።

መጀመሪያ የደወለችልኝ ሪክሩተር (ሠራተኛ መልማይ) ጎበዝ ነበረች፣ ምን እንደሚጠበቅብኝ በግልጽ ነገረችኝ። ከዚያ ግን ዙር በዙር ላይ ተደራረበ። አንዱ ጠያቂ ስለ ባይነሪ ሰርች ይጠይቃል፣ ቀጣዩም መጥቶ ያንኑ አልጎሪዝም (የኮድ አሠራር ስልት) ሌላ ልብስ አልብሶ ይደግመዋል። ባይነሪ ሰርች በቅደም ተከተል ከተቀመጡ 1 ሚሊዮን ቁጥሮች ውስጥ የምትፈልጉትን በ20 ገደማ ንጽጽር ያገኝላችኋል፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ማወቁም ይጠቅማል። ሥራ ከገባሁ በኋላ ግን በእጄ ጽፌው አላውቅም፤ ላይብረሪው (ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት የኮድ ስብስብ) ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ።

ጉግል የራሱን የቅጥር መረጃ መርምሮ፣ ከ4 ኢንተርቪው በላይ የሚጨመረው ዙር ስለ አመልካቹ እምብዛም አዲስ ነገር እንደማይናገር ደርሶበታል። የያኔው የሰው ኃይል ኃላፊ ላዝሎ ቦክም በ2013 የእንቆቅልሽ ጥያቄዎች ጊዜ ማባከን እንደሆኑ በይፋ ተናግሯል። ታዲያ ሌላው ኩባንያ ሰውን ያለ ልክ የሚያመላልሰው ለምንድን ነው? ይባስ ብሎ ከመጨረሻው ዙር በኋላ ጭጭ አሉ። እሺም የለ፣ እምቢም የለ። እኔው ጽፌ ስጠይቅ ነው መልስ የመጣው። ከሥራው ፈቃድ ለምኖ፣ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ለሚመጣ ሰው ሁለት መስመር ኢሜይል መንፈግ ነውር ነው።

ከሁሉም ዙር አንዱን ግን አመሰግናለሁ። የተበላሸ ኮድ ሰጡኝ። ሉፑ (አንድን ሥራ የሚደጋግመው የኮድ ክፍል) የመጨረሻዋን የመረጃ መስመር እየዘለለ ድምሩን ያጎድላል። ፈታኟ አብራኝ እያነበበች «እዚህ ጋ ምን ጠረጠርክ?» ትለኛለች፣ እኔም ጮክ ብዬ እያሰብኩ ሄድኩ። ሥራው ራሱ ይኸው ነው! ሁሉም ዙር እንዲህ ቢሆን ኖሮ ማን ከማን ጋር መሥራት እንደሚችል በአንድ ከሰዓት ይታወቅ ነበር።

ወደ ሥራው ስመጣ፣ እንደ ኮድ ሪቪዋቸው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አንብቦ አስተያየት የሚሰጥበት አሠራር) ያለ ጥሩ ነገር የትም አላየሁም። አንድ የቡድኔ ልጅ በአንዲት የቬሪያብል (በኮድ ውስጥ ዋጋ የሚያዝበት) ስም ላይ «ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው ሰው ይህ ይገባዋል?» ብሎ ጻፈልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስም ሳወጣ እጄ ቆም ይላል። አዲስ የገባች ልጅ የለቀቀችው ለውጥ ሲስተሙን ሲጥለው ደግሞ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ጥያቄው «ማን ነው?» አልነበረም። «እንዴት ቴስቱን (ኮዱ ከመለቀቁ በፊት የሚደረግለትን ፍተሻ) አልፎ ወጣ?» ነበር። ልጅቷ ራሷ የሆነውን ደቂቃ በደቂቃ አስረዳች፣ የጎደለው ቴስትም በዚያው ሳምንት ተጻፈ።

የማይወደደው ነገር የሌሊት ተረኝነቱ ነው፤ ሲስተሙ ሲበላሽ ተረኛው ከእንቅልፉ ተጠርቶ ያስተካክላል። እውነተኛ ችግር ሲሆን እሺ፤ ነገር ግን ማንም ያላስተካከለው አላርም በከንቱ እየጮኸ ከእንቅልፍ መንቃት ያማርራል። ኩባንያው ለሠራተኛው የሚሰጠውን አክሲዮንም ልብ በሉ። በተለመደው አሠራር በ4 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ሲሆን፣ 1 ዓመት ሳይሞላችሁ ከለቀቃችሁ ምንም አይደርሳችሁም። ስለዚህ ቅጥሩን ስትደራደሩ ዓይናችሁ መጀመሪያ ደሞዙ ላይ ይሁን።

ማመልከት ለምትፈልጉ፦ አመልክቱ፣ ቡድኑ ያስተምራል። ጠያቂው «ጥያቄ አለህ?» ሲላችሁ የሌሊት ተረኝነቱ ተራ በስንት ሳምንት እንደሚደርስ፣ በአንድ ተረኛ ሳምንት ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚደወልና ከተረኝነት ማግስት እረፍት መኖሩን ጠይቁ። የሚመልስላችሁም ራሱ ተረኛ የሚሆን ሰው ይሁን።