የዓይን ቆብ ማውረጃ ቀዶ ሕክምና ለታይሮይድ ሕመምተኛ፦ ከፍታው ተስተካክሏል፣ ማርገብገቡስ?

እናቴ በምትኖርበት በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ አንድ የዓይን ክሊኒክ፣ ባለፈው ዓመት ሁለቱም የላይኛ የዓይን ቆቦቿ በቀዶ ሕክምና ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል። ክሊኒኩን በስም አልጠራም። ይህን የምጽፈው በታይሮይድ ሕመም ሰበብ ዓይናቸው የፈጠጠ ወገኖች ከእንዲህ ያለው አገልግሎት ምን እንደሚጠብቁ፣ በተለይም ስለ ዓይን ማርገብገብ፣ አስቀድመው እንዲያውቁ ብዬ ነው። የሐኪሙን እጅ አመሰግናለሁ፤ ማብራሪያው ግን ጎድሎብኛል።

እናቴን የያዛት ግሬቭስ የሚባለው ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከታይሮይድ ዕጢ አልፎ በዓይን ዙሪያና በስተኋላ ያለውን ስብና ጡንቻ ስለሚያስቆጣ፣ የዓይን ኳስ ወደ ፊት ይገፋል፣ ወይም የላይኛው ቆብ ወደ ላይ ተስቦ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። የእሷ ችግር በአመዛኙ ሁለተኛው ነበር። በጤነኛ ዓይን የላይኛው ቆብ ጥቁሩን ክፍል ከላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ በእሷ ግን ከጥቁሩ በላይ ነጩ ይታይ ነበር። ቆቡን የሚያነሣው ጡንቻ ጠባሳ ይዞ ያጥራል፣ ይደድራልም። ዓይን ስናርገበግብ ይህ ጡንቻ መላላት፣ ዓይንን የሚከበው ክብ ጡንቻ ደግሞ መኮማተር አለበት፤ ማንሻው ካልላላ ቆቡ ከመንገድ ይመለሳል። የቪየናው ሐኪም ካርል ሽቴልቫግ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች አልፎ አልፎ ብቻ፣ ያውም ዓይናቸውን ሙሉ በሙሉ ሳይከድኑ እንደሚያርገበግቡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተውሏል፤ ምልክቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንባ በኮርኒያ፣ ማለትም ጥቁሩን ክፍል ከፊት በሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ላይ የሚዳረሰው በማርገብገብ ስለሆነ፣ ቆቡ ግማሽ መንገድ ብቻ ሲወርድ የኮርኒያው ታችኛ ክፍል ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ሲብስም ይቆስላል።

ክሊኒኩን በመጀመሪያ የማመሰግነው ባለመቸኮሉ ነው። እኛ ቶሎ ይሠራላት ብለን ስንወተውት፣ ሐኪሙ የሆርሞኗ መጠን ሳይስተካከልና ቁጣው በርዶ ቢያንስ 6 ወር ያለ ለውጥ ሳይቆይ ቀዶ ሕክምና እንደማይሠራ በግልጽ ነገረን። የዓይን ጎድጓዳን ማስፋት የሚያስፈልገው ሰው ያንን እንደሚያስቀድም፣ ቀጥሎ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትን የሚያስተካክለው የጡንቻ ቀዶ ሕክምና እንደሚመጣ፣ እነዚህ የቆቡን ከፍታ ሊለውጡት ስለሚችሉም ቆብ የመጨረሻው እንደሆነ አስረዳን። እናቴ ያስፈለጋት የመጨረሻው ብቻ ነበር። የመድን ድርጅቱ «ለቁንጅና ነው» ብሎ እንዳይመልሰውም የኮርኒያዋን ድርቀት በፎቶና በምርመራ ውጤት አስደግፈው ላኩላት።

ቀዶ ሕክምናው ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ተሠራ፤ ሕመምተኛዋ ነቅታ ዓይኗን ካልከፈተችና ካልጨፈነች ከፍታውን በትክክል መለካት ያስቸግራል። በቆቡ እጥፋት ላይ ቆዳው ይከፈትና ማንሻው በጥቂት በጥቂቱ ይላላል፣ ይበልጡን በጆሮ በኩል ባለው ጫፍ፣ ቆቡ በብዛት ሽቅብ የሚሸሸው በዚያ ነውና። እናቴ እንደነገረችኝ፣ መሃል ላይ ቀና አድርገው አስቀመጧት፤ በስልክ የገባችው የአማርኛ አስተርጓሚም «እናቴ፣ ፊት ለፊት ይመልከቱ። አሁን ቀስ ብለው ይጨፍኑ፣ አይጭመቁት» ትላት ነበር። አጥብቆ የጨመቀ ሰው ክፍተቱን ይደብቀዋልና ትእዛዙ ተገቢ ነበር።

ከፍታው አምሮ ወጥቷል፤ ሁለቱ ዓይኖቿም ተመጣጥነዋል። ማርገብገቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆቡ አብጦና ሰንፎ ስለነበር ድርቀቱ ከበፊቱ ባሰባት፤ ይህን አስቀድሞ የነገረን አልነበረም። እብጠቱ ከሄደ በኋላ ቆቡ የሚወርደው ከዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ መንገዱ አጥሯል፣ የሚረጥበው ክፍልም ሰፍቷል። ይሁን እንጂ የደደረ ጡንቻ በመላላት ብቻ እንደ ጤነኛ ጡንቻ አይታዘዝም፤ የጸሎት መጽሐፏን ወደ ታች ስታነብ አሁንም ቆቡ ዘግይቶ ይከተላል፣ ከጥቁሩ በላይም ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። በክትትሉ ቀጠሮዎች ከፍታዋን በማስመሪያ ይለኩና ያሰናብቱን ነበር። አጥብቄ ስጠይቅ ነው አንዲት ወጣት ሐኪም ብርቱካናማ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ ብርሃን ያየችላት፤ በኮርኒያዋ ግርጌ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ተሰልፈው በስክሪኑ ላይ ታዩኝ፣ ቆቡ የማይደርስበት ቦታ ማለት ነው።

በመጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የ«በፊትና በኋላ» ፎቶዎች ሁሉም ዓይናቸውን ከፍተው ፊት ለፊት የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ይህ ግማሽ ማስረጃ ይመስለኛል። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ካለ አትሂድ አልለውም፤ ሲጨፍኑና ወደ ታች ሲያዩ የተነሡ ፎቶዎችን እንዲያሳዩት ግን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። ሰው ሠራሽ እንባውና የማታ ቅባቱ በእናቴ መድን አይሸፈኑም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ስላልተቋረጡ ወጪው ሲታሰብ አብረው ይታሰቡ።