ስቶክሆልም የምትኖሩ፣ «የማሞቂያ ሂሳብ እንቀንሳለን» ባዮችን ተጠንቀቁ

46,800 ክሮነር። ገና አሁን ከቢሮአቸው መመለሴ ነው፤ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅሁም።

አመጣጣቸውን ታውቁታላችሁ። በእራት ሰዓት በር ያንኳኳሉ፣ ታብሌታቸውን ይዘረጋሉ፣ ክረምቱ ሊከፋ ነው ይላሉ። የእኔው ደግሞ የአገር ልጅ ሆኖ መጣ። ባለቤቴ ቡና አፈላችለት፤ እስከ ሦስተኛው ተቀምጦ ጠጣ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ እንጂ ይህ ዋጋ ለማንም አይሰጥም» አለኝ። ለመስኮቶቹ ከውስጥ የሚደረብ መስታወት፣ ለአምስቱ ራዲያተሮች አዲስ ቴርሞስታት። «የማሞቂያ ሂሳብዎ በሲሶ ይቀንሳል።» በ46,800 ክሮነር ፈረምኩ።

የቱ ሂሳቤ? እኔ የማሞቂያ ሂሳብ መጥቶልኝ አያውቅም! ሕንጻችን በ1965 እና በ1974 መካከል ስዊድን አንድ ሚሊዮን ቤት ልሥራ ብላ ከገነባቻቸው አንዱ ነው። ከከተማው ጣቢያ የሞቀ ውኃ በቧንቧ ይመጣል፤ ምድር ቤት ባለው መሣሪያ ሙቀቱን ለእኛ ውኃ ያስረክብና ይመለሳል። ቆጣሪው ለሕንጻው በሙሉ አንድ ብቻ ነው። ወጪው እንደየቤቱ ድርሻ ተከፋፍሎ ለሕንጻው የነዋሪዎች ማኅበር በምንከፍለው ወርኃዊ መዋጮ ውስጥ ይገባል። እኔ ብቻዬን ግማሹን ብቆጥብ መዋጮዬ ያው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ተቀምጬ ያንን በጀት እጄን አውጥቼ ያጸደቅሁ ሰው ነኝ። ይህን እያወቅሁ፣ በአማርኛ ስለተነገረኝ ብቻ ፈረምኩ። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

ቴርሞስታቱን የገጠመው ሠራተኛ «ቶሎ እንዲሞቅ» ብሎ ከሥሩ ያለውን የውኃ መጠን መወሰኛ እስከ ጥጉ ከፈተው። በአራተኛው ቀን መጨረሻው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት ቤት ቀዘቀዘ። የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ መጥቶ የእኔን ነቅሎ አየና ምድር ቤት ወስዶ አስረዳኝ። ውኃው ለየቤቱ ተመጥኖ የተለቀቀ ነው፤ እኔ ያለ ልክ ስስብ ዳር ያሉት ያጣሉ። ሳይቀዘቅዝ የሚመለሰው ውኃም ማኅበሩን ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል። በእንዲህ ያለ ሕንጻ ሙቀት የሚቆጠበው ጣሪያው በሙሉ ሙቀት እንዳያስወጣ ሲሸፈን፣ ውኃውም ለሁሉም ቤት እንደገና ሲመጠን ነው አለኝ። የማስተካከያውን ወጪ የምከፍለው እኔ ነኝ።

በአሥረኛው ቀን፣ ማለትም ዛሬ፣ ውሉን ላፈርስ ሄድኩ። ቤት ድረስ መጥተው ያስፈረሙትን ውል በ14 ቀን ውስጥ መተው መብት ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል ቁጥሬን ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ አንድ መስመር ላይ ጥፍሯን አስቀመጠች፦ «በልክ የሚሠራ ዕቃ»። ሕጉ በደንበኛ ልክ የሚሠራን ዕቃ ከዚህ መብት ያወጣዋል። «መስታወቱ ተቆርጧል?» አልኳት። «ታዟል» አለችኝ።

ይህን ስንነጋገር ያ ያስፈረመኝ የአገሬ ልጅ ከኋላ ክፍል ወጣ። ሳየው ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ አንተ አስረዳልኝ» አልኩት በአማርኛ። ልጅቷን አየት አደረገና በስዊድንኛ መለሰልኝ፦ «ውሉን አንብበህ ነው የፈረምከው።» ደግሜ በአማርኛ ጠየቅሁት። አሁንም በስዊድንኛ፣ ያውም ቃላቱን አንድ በአንድ እየለያየ፣ ቋንቋው እንደማይገባኝ ሰው። ልጅቷ ፈገግ አለች። ቤቴ ገብቶ ቡናዬን ሲጠጣ አንዲት የስዊድንኛ ቃል ከአፉ አልወጣችም ነበር።

ቤታችሁ በጋራ ማሞቂያ የሚሞቅ ከሆነ ሳትፈርሙ የማኅበሩን ቦርድ ጠይቁ። የማዘጋጃ ቤት የኃይል አማካሪም አለ፤ በነጻ ነው። እኔ ለሸማቾች ቅሬታ ሰሚው ቦርድ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። መስታወቱ ሐሙስ ይመጣል፤ አልቀበልም ብልም ክፍያው እንደማይቀርልኝ ነግረውኛል።