ሁዳዴን በባለ ቁልፍ ስልክ

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ መርካቶ ሄጄ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛሁ። የከፈልሁት ገንዘብ የስማርት ስልኬን የተሰነጠቀ ስክሪን ለማስቀየር ከተጠየቅሁት ያነሰ ቢሆንም፣ የገዛኋት ለቁጠባ ብዬ አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ ቴሌግራም በከፈትሁ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ የሰማው ወሬ እኔን ብቻ ያመለጠኝ እየመሰለኝ እስኪነጋ ማፍጠጡ ስለሰለቸኝ ነው። «ፎሞ» የሚባለው ይህ ስጋት ስሙ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ2004 ፓትሪክ ማክጊኒስ የተባለ የሐርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ተማሪ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ከጻፈው ጽሑፍ ጋር ነው፤ ያኔ ጭንቀቱ ከየግብዣው የትኛው ይቅርብኝ የሚል ነበር።

ስልኳ ሁለት ሲም ትይዛለች፣ ኤፍ ኤም ሬዲዮና የእጅ ባትሪ አላት፣ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገች አራት ቀን ትቆያለች። ዳታ ስለማያስፈልገው በ*127# ቴሌብር ገብቼ ገንዘብ መላክ አልተቸገርሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት ታክሲ ሰልፍ ላይ እጄ ሳላዘው ኪሴ ይገባ ነበር፤ አውጥቼ የማየው ግን ሰዓቱን ብቻ ነው። ስጋቱ ከመቀነሱ በፊት ባሰብኝ። በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ባልደረቦቼ ስለ አንድ የቲክቶክ ጠብ ሲያወሩ «ምን ተባባሉ?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጅብኝ የነበረውን ነገር ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ነግረው ጨረሱልኝ።

ያመለጠኝ ቁም ነገር ግን አለ። የሰፈራችን ዕድር መርዶና የቀብር ሰዓት የሚያስታውቀው በቴሌግራም ግሩፕ ስለሆነ፣ የአንድ ጎረቤታችን ቀብር አለፈኝና የደረስሁት ለሠልስቱ ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ ድንኳኑ በር ላይ «አንተ ልጅ፣ ግሩፑን አታይም እንዴ?» ሲሉኝ የምለው ጠፋኝ። ይህ የስልኳ ጥፋት አይደለም፤ እንዲደወልልኝ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጎረቤቴ ይደውልልኛል።

የስልኳ እውነተኛ ጉድለት የታየው በፋሲካ ዕለት ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈው የእንኳን አደረሰህ መልእክት ሲነበብ፣ በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደረደረብኝ፤ የአክስቴን ምርቃት የሰማሁት ደውዬ ነው። ስለዚህ ገዢ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ የአማርኛ መልእክት ልኮ ይሞክር።

እ.ኤ.አ. በ2013 አንድሪው ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ ከሰው ጋር የመቀራረብ፣ በራስ የመወሰንና የመቻል ስሜት የጎደላቸው ሰዎች ይህ ስጋት ይበልጥ እንደሚበረታባቸው ያሳያል። እኔም ሬዲዮው ብቻውን እንዳላረጋጋኝ፣ ያረጋጋኝ በየማታው ለአንድ ሰው መደወሌ እንደሆነ አስተውያለሁ። ስለዚህ ስልኳን የምመክረው ደውሎ የሚያገኘው ሰው ላለው ነው፤ ልጇ ዓረብ አገር ሆና በኢሞ ለምትደውልላት እናት ግን ፈጽሞ አልመክርም።

ከፋሲካ በኋላ ስማርት ስልኬን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤት ዋይፋይ እከፍተዋለሁ። ሲም ካርዴ ግን አሁንም ባለ ቁልፏ ውስጥ ነው።