የሃሪየት ተብማን መንገድ በሜሪላንድ፦ ማዕከሉ በነፃ ነው፣ ዋናው ጉብኝት ግን ከበሩ ውጭ ነው

ከዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ አንድ ቀን ለታሪክ መስጠት ለሚፈልግ ሰው የሃሪየት ተብማን አንደርግራውንድ ሬይልሮድ የጎብኚዎች ማዕከል ሩቅ አይደለም። ተብማን ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልዳ ያመለጠች፣ ከዚያም ተመላልሳ ሌሎችን ያስመለጠች ሴት ናት፤ አንደርግራውንድ ሬይልሮድ የሚባለውም ባሪያዎችን ወደ ነፃነት ያሸሽ የነበረ የምስጢር መረብ ነው። ማዕከሉ የሚገኘው በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቸርች ክሪክ ከሚባለው መንደር ወጣ ብሎ፣ ጎልደን ሂል መንገድ ቁጥር 4068 ላይ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ሲሆን፣ የሜሪላንድ ፓርክ አገልግሎትና የፌዴራሉ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት በጋራ ያስተዳድሩታል። መግቢያም ፓርኪንግም አይከፈልበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ደርሶ፣ ሕንፃውን ዞሮ፣ ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ማዕከሉ መነሻ ነው። ከዚያ በዶርቼስተርና በካሮላይን አውራጃዎች በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣውን 125 ማይል የመኪና መንገድ ቢያንስ በከፊል ያልነዳ ሰው ግማሹን ብቻ አይቶ ነው የሚመለሰው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ የምትነሱ ሩት 50ን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ፣ በቸሳፒክ ቤይ ድልድይ ተሻግራችሁ እስከ ካምብሪጅ ከተማ ትነዳላችሁ። ከዚያ ሩት 16ን ወደ ቸርች ክሪክ፣ ቀጥሎ ሩት 335ን ወደ ደቡብ ትይዛላችሁ። በጠቅላላው ወደ 90 ማይል ነው፤ መንገዱ ከቀና ሁለት ሰዓት ይበቃል። የሚከፋው ድልድዩ ነው። በበጋ ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ የሚጎርፈው መኪና እዚያው ላይ ይቆማል፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ በመልሱ እንዲሁ። የድልድዩ ክፍያ የሚሰበሰበው ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ብቻ ነው። የማዕከሉ የሥራ ቀንና ሰዓት ካለፉት ዓመታት ተቀይሯል፣ ስለዚህ የድሮ መረጃ ይዛችሁ አትነሱ፤ በተለይ ሰኞ ለመሄድ የምታስቡ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሕንፃዎቹ በአካባቢው ያሉትን የገበሬ ጎተራዎች ቅርፅ የያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ሆን ተብሎ ወደ ሰሜን እንዲያይ ተደርጓል። ውስጥ ገብታችሁ መጀመሪያ አጭሩን ፊልም እዩ። ፊልሙን ዘለው በቀጥታ ወደ ሥዕሎቹ የሚሄዱ ሰዎች ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይምታታባቸዋል፤ የተብማን ታሪክ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዘመድ አዝማድ ታሪክ ነው።

የኤግዚቢሽኑ ትልቁ ብርታት ቁጥር ላይ ጠንቃቃ መሆኑ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚነገረው “19 ጊዜ ተመልሳ 300 ሰው አወጣች፣ በራሷም ላይ 40 ሺህ ዶላር ተቆርጦ ነበር” የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የታሪክ ተመራማሪዎች በሰነድ የደረሱበት፣ ከ1850 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት ወደ 13 ጊዜ ያህል ተመላልሳ 70 ገደማ ሰው ማውጣቷን፣ ሌሎች 70 ለሚሆኑ ደግሞ በየት በኩል እንደሚያመልጡ መንገር መቻሏን ነው። ራሷ ስትኮበልል የወጣባት ማስታወቂያም ዋጋው ትንሽ ነበር፤ በኦክቶበር 1849 በባርነት የያዘቻት ኤሊዛ ብሮደስ ለእሷና ለሁለት ወንድሞቿ፣ ከሜሪላንድ ውጭ ለሚይዛቸው በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሚይዛቸው 50 ዶላር እንደምትከፍል አሳወጀች። ማስታወቂያው ላይ ስሟ በልጅነት መጠሪያዋ ሚንቲ ነው፣ ዕድሜዋ 27 ገደማ፣ ቁመቷ 5 ጫማ ያህል። እውነተኛው ቁጥር ከተጋነነው ይልቅ ያስደንቃል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጉዞ ፊቷን ወደሚያውቁ ሰዎች አካባቢ የተደረገ ነው።

ድክመቱን እንናገር። የእሷን የግል ዕቃ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ቅር ይለዋል። አዳራሹ በአብዛኛው ሥዕል፣ ቅርፃ ቅርፅ፣ ድምፅና ጽሑፍ ነው። ጽሑፉም ብዙ ነው፤ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ በግማሽ ሰዓት ይሰለቸዋል። መፍትሔው በር ላይ ከሬንጀሮቹ የጁኒየር ሬንጀር መጽሔት መጠየቅ ነው፤ ልጁ ጥያቄዎቹን እየፈለገ ይመልሳል፣ ሲጨርስ ባጅ ይሰጡታል። ሬንጀሮቹ ራሳቸው ከጽሑፉ ሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። ለአዳራሹ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ፣ ከመውጣታችሁም በፊት የመንገዱን ነፃ ካርታ ውሰዱ። የድምፅ መመሪያውን ግን ቤታችሁ ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ ረግረጉ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ጂፒኤሱም አብሮ ይደናገራል።

ከማዕከሉ ወጥታችሁ ኪ ዋላስ መንገድን ስትይዙ የብላክዋተር የዱር እንስሳት መጠለያ ይቀበላችኋል። ትንሹን ብላክዋተር ወንዝ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ቦታ ካገኛችሁ ቁሙ። በዚህ አካባቢ ነው ሚንቲ ገና የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ሳለች ጄምስ ኩክ ለሚባል ሰው ተከራይታ፣ ኩፍኝ ይዟት እያለ፣ እስከ ወገቧ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየገባች ሙስክራት የሚባለው አይጥ መሰል የውሃ እንስሳ የሚያዝበትን ወጥመድ እንድትፈትሽ የተደረገችው። ውሃው ጥቁር ነው፣ ዳርቻው ጭቃ፣ ሣሩ ሰው ይሸሽጋል። አባቷ ቤን ሮስ እንጨት ቆራጭና የቆራጮች አለቃ ነበር፤ ጎጆው የነበረበትን ቦታ አርኪዮሎጂስቶች በዚሁ መጠለያ ውስጥ ማግኘታቸውን በኤፕሪል 2021 አስታውቀዋል፣ ፍንጭ ከሰጧቸው ነገሮች አንዱ በ1808 የተቀረጸ ሳንቲም ነበር። የባሕሩ ውሃ እየጨመረ፣ መሬቱም እየሰመጠ ስለሆነ መጠለያው ከ1930ዎቹ ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ ረግረግ አጥቷል። ለነጂ ይህ ተራ መረጃ አይደለም፤ ሙላት ሲመጣ ዝቅ ያሉት መንገዶች ላይ ውሃ ይተኛል። የጨው ውሃ ነውና በትንሽ መኪና ሰንጥቄ አልፋለሁ አትበሉ፣ ተመለሱ።

ቀጥሎ ያለው የብሮደስ እርሻ መንገድ ዳር ያለ ሰሌዳ ብቻ ነው። ቤቱ የግል ይዞታ ነው፣ ያኔ የነበረውም አይደለም፤ አጥር አልፋችሁ አትግቡ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። በክታውን ሱቅ ግን ሌላ ነው። በ1835 ገደማ አንድ ተቆጣጣሪ ሊያመልጥ የሮጠ ሰው ላይ የወረወረው ሁለት ፓውንድ የሚመዝን የሚዛን ብረት ስቶ ተብማንን ጭንቅላቷ ላይ የመታት እዚያ መንታ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ በንግግር መሀል እንኳ ድንገት እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ከኋላዋ ሰው አስከትላ በጨለማ ስትሄድ ይህ በሽታ አብሯት እንደነበር ስታስቡት ነገሩ ይለወጣል። ሱቁም የግል ንብረት ስለሆነ ውስጡን ለማየት አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ደጁን ማየት ብቻ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት ይቻላል።

ካምብሪጅ ላይ መኪናችሁን ሃይ ስትሪት አቁማችሁ በእግር ሂዱ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ በ2022 የቆመ የተብማን የነሐስ ሐውልት አለ። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እሱ ጋ ነው፤ እኛ ግን ሐውልቱን ወደ ኋላ ትታችሁ ከፍርድ ቤቱ እስከ ወደቡ ያለውን መንገድ እንድትራመዱት እንመክራለን። በዲሴምበር 1850 የተብማን የእህት ልጅ ኬሳያ ቦውሊ ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚህ ፍርድ ቤት ደጅ ለሐራጅ ቀረበች። ባሏ ጆን ቦውሊ ነፃ የሆነ ጥቁር የመርከብ አናጢ ነበር። ከተጫራቾቹ መሀል ገብቶ ከፍተኛውን ዋጋ ጠራና አሸነፈ። አጫራቹ ምሳውን በልቶ ተመልሶ ገንዘቡን ክፈል ሲል ግን ከፋይ የለም፣ ሴትዮዋና ልጆቿም የሉም። እዚያው አጠገብ ባለ ቤት ተሸሽገው፣ ሲመሽ ጆን በትንሽ ጀልባ ጭኗቸው ወደ ባልቲሞር ቀዘፈ። ተብማን ባልቲሞር ሆና ጠበቀቻቸው፣ ደብቃም ወደ ፊላዴልፊያ ወሰደቻቸው። የመጀመሪያዋ ነፃ የማውጣት ሥራ ይህ ነበር፤ እግሯ ካምብሪጅን ሳይረግጥ ተፈጸመ። አሁን የምታዩት ፍርድ ቤት በ1854 የተሠራ ነው፣ የሐራጁ ዘመን ሕንፃ በ1852 ተቃጥሏል። ሬስ ስትሪት ላይ ባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ ትንሽ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ደግሞ ማይክል ሮሳቶ በ2019 የሣለው ትልቅ ሥዕል አለ፤ ተብማን በፈረሰ የጡብ ግድግዳ በኩል እጇን ትዘረጋለች። ልጆች እጃቸውን እጇ ላይ አድርገው የሚነሱት ፎቶ ይህ ነው።

ግማሽ ቀን ብቻ ያላችሁ እዚህ ጨርሱ። ሙሉ ቀን ያላችሁ ወደ ፕሬስተን ውጡ፤ በእኛ አስተያየት የመንገዱ ምርጥ ክፍል ይህ ነው፣ ሰውም የሚቀንሰው እዚህ ነው። የተብማን ወላጆች ይኖሩበት የነበረው ፖፕላር ኔክ እዚህ አጠገብ ነው። በ1854 ሦስት ወንድሞቿ በገና ማግስት ሊሸጡ መሆኑን ሰማች። ጄከብ ጃክሰን ለሚባል ማንበብ ለሚችል ነፃ ጥቁር ሰው ደብዳቤ አስጻፈች፣ ወንድሞቿ የጽዮን መርከብ ስትመጣ ለመሳፈር ተዘጋጅተው ይጠብቁ የሚል። ደብዳቤውን አስቀድመው ከፍተው ያነበቡት ነጮች ጠርጥረው ጃክሰንን ጠየቁት፤ እሱም አንብቦ “ይህ ለእኔ የተጻፈ አይደለም፣ ጭራና ቀንዱ አይገባኝም” ብሎ መለሰላቸውና ወጥቶ ለወንድሞቿ ነገራቸው።

ወቅቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። በገና ሰሞን ባሪያዎች ዘመድ ጥየቃ እንዲሄዱ ይፈቀድላቸው ስለነበር የቀረ ሰው ቶሎ አይፈለግም። የብርዱ ወራት ሌሊትም ረጅም ነው፣ ሰው ከቤቱ አይወጣም። ቅዳሜ ማታ መነሳት ትወድ የነበረውም ጋዜጣ የኮብላይ ማስታወቂያ እስከ ሰኞ ስለማያትም ነው። ወንድማማቾቹ ከወላጆቻቸው ጎጆ አጠገብ ባለ የበቆሎ ጎተራ ውስጥ ተሸሸጉ። እናታቸው ሪት ለገና አሳማ አርዳ፣ ምግብ ሠርታ ትጠብቃቸው ነበር፤ ካወቀች ጩኸቷ ሰው ይሰበስባል ብለው አልነገሯትም፣ በግንዱ ስንጥቅ በኩል ብቻ አዩዋት። አባታቸው ምግብ ይዞ መጣ፣ ግን ዓይኑን በመሀረብ አስሮ። በኋላ ሲጠየቅ “ልጆቼን አላየሁም” ብሎ ሳይዋሽ እንዲመልስ ነው። ሲነሱም ዓይኑ እንደታሰረ የተወሰነ መንገድ ሸኛቸው። በዲሴምበር 29 ፊላዴልፊያ ኮብላዮችን ይረዳና ይመዘግብ የነበረው ዊልያም ስቲል ቢሮ ደርሰው ስማቸው ተመዘገበ።

ይህ ሁሉ የሆነበት ቦታ ላይ ግን የሚታይ ጎጆ የለም፤ እርሻና ወንዝ ነው፣ አብዛኛውም የግል መሬት። ያን ዘመን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ፕሬስተን አጠገብ ያለው የዌብ ጎጆ ይሻለዋል። ጄምስ ዌብ የሚባል ነፃ ጥቁር ገበሬ በ1852 ገደማ በእጅ ከተጠረበ ግንድ የሠራው ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ በዚያች ክፍል ይኖር ነበር። ምድጃው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ድንች የሚቀመጥባት ጉድጓድ አለች፣ ሳትፈልጓት አትለፉ።

መቼ እንሂድ ለሚል፦ ከኖቬምበር እስከ ማርች። በሙቀቱ ወራት ቢንቢው፣ የሚናከሰው ዝንብና መዥገሩ ከመኪና አያስወርድም፤ ግድ ከሆነ ረጅም ሱሪ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ማታ ቤት ስትገቡም ልጆቹን ከጆሮ ጀርባና ከብብት መፈተሽ ያስፈልጋል። ከካምብሪጅ ሳትወጡ ነዳጅ ሙሉ። ማዕከሉ ምግብ ቤት የለውም፣ ግን ጣሪያና የድንጋይ ምድጃ ያለው የመመገቢያ ዳስ አለው፤ የካምብሪጅ ምግብ ቤቶች መኩሪያ ሸርጣን ስለሆነ ለማይበላው ወይም ለጾመኛ አማራጩ ጠባብ ነው። እንጀራችሁን ቋጥራችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

የግል ዕቃዋን ማየት ለሚፈልግ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላት ሻልና የመዝሙር መጽሐፏ ያሉት ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ነው። መግቢያው ነፃ ቢሆንም በሰዓት የተወሰነ ትኬት በኢንተርኔት አስቀድሞ መያዝ ይጠይቃል፤ ከሜሪላንዱ ጉዞ ጋር በአንድ ቀን አትደርቡት፣ አይደርስላችሁም።