የፀሐይ ሙቀት ለማታ ለማስቀመጥ፦ ፓራፊን ወይስ የጨው ሃይድሬት?

ፓራፊን ሻማ የሚሰራበት ሰም ነው፣ የጨው ሃይድሬት ደግሞ ክሪስታሉ ውስጥ ውሃ የያዘ ጨው ነው (የወጥ ጨው አይደለም)። ሁለቱም ሲቀልጡ ሙቀት ይውጣሉ ሲረጉ ይለቃሉ፣ ጸባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ፓራፊን ጨዋ ነው። ደጋግሞ ቢቀልጥ ቢረጋ ብዙም አይበላሽም፣ ብረትም አይበላም። ግን ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ደካማ ነው፣ 0.2 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ፣ ስለዚህ ሙቀት የሚያመጣውን ቱቦ የነካው ቶሎ ቀልጦ መሀሉ ገና ድርቅ እንዳለ ይቀራል፣ ለዛ ነው ሙቀቱን እንዲያዳርስ የአልሙኒየም ክንፍ (ስስ ቆርቆሮ) ምናምን የሚገባበት። እሳትም ይይዛል፣ ያው ሻማ ማለት እኮ ነው።

ጨው ላይ ስንመጣ ሶዲየም አሲቴት ትራይሃይድሬትን እንውሰድ፣ 58 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ በኪሎ 260 ኪሎጁል አካባቢ ይይዛል፣ ፓራፊን ግን 200 አካባቢ ነው፣ ጨው ደግሞ ከባድ ስለሆነ እዛው ታንክ ውስጥ እጥፍ ያህል ሙቀት ይገባል። ችግሩ አመሉ ነው፣ ከ58 በታች ወርዶም አልረጋም ብሎ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሙቀቱን በፈለግከው ሰዓት አይሰጥህም ማለት ነው (ጠቅ ስትደረግ የምትሞቀው የእጅ ማሞቂያ ከረጢት የምትሰራው በዚሁ አመሉ ነው!)። ከብዙ ዙር በኋላም ጨውና ውሃው ይለያያል፣ ማወፈሪያ ካልገባበት አቅሙ ይወርዳል።

እኔ ቦታ ከጠበበኝ ጨው፣ ሰርቼ ልርሳው ካልኩ ግን ፓራፊን ነው የምመርጠው።