ሄርማታ መርካቶ፣ አሮጌው ፎቅ ቁርስ ቤት፦ ምግቡና ቤቱ

ጅማ ከተማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ከተደረደሩት አሮጌ የሱቅ ፎቆች አንዱ ቁርስ ቤት ሆኗል። ምግቡ ጥሩ ነው፤ ቤቱ ግን የምግቡን ያህል እንክብካቤ አላገኘም። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ጨጨብሳው በትኩሱ መድረሱም ሆነ የቡናው ጭስ ዓይን ማቃጠሉ የሚወሰነው በቤቱ አሠራር ነው።

ሄርማታ በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የሩቅ ነጋዴ የሚወርድበት ትልቅ ገበያ ነበር። የእነዚህ ቤቶች ቅርፅም ለንግድ የተመቸ ነው፤ ፊታቸው ጠባብ፣ ወደ ጓሮ ረዣዥም፣ ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ፣ ማድቤቱ ከኋላ። ይህኛው ፊቱ አራት ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ውስጥ የዚያን ሦስት እጥፍ ይሄዳል። ማድቤቱ ዛሬም ጓሮ ስለሆነ በረንዳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጨጨብሳው ለብ ብሎ፣ ቅቤው መርጋት ጀምሮ ይደርሳል። ጨጨብሳ የምታዙ ከሆነ ወደ ጓሮው በር ተጠጉ። ቂጣው ስስ ነው፣ በእጅ ተቆራርሷል፣ ቅቤው በኮረሪማ በደንብ የተነጠረ ነው፣ በርበሬው አይጫንም። ማሩ ለብቻው በትንሽ ሳህን ይመጣል። ፉሉ ደህና ነው፤ ስፕሪሱ ግን ውሃ በዝቶበታል።

ቡናው የሚቆላው ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ነው። በዱሮው አሠራር በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል ስንዝር የሚያህል ክፍተት ስለሚተው ጭሱ በዚያ ይወጣ ነበር። አሁን ፎቁ በቺፕውድ ኮርኒስ ተደፍኗል፤ ጭሱ በደረጃው ወጥቶ፣ ከዕጣኑ ጋር ተደባልቆ እዚያው ይቀራል። ኮርኒሱን ማንሳት አያስፈልግም። ከፊትና ከኋላ ጫፉ ላይ ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት መተንፈሻ ቢከፈትለት አየሩ ይሳባል። እስከዚያው ቡና መጠጣት የሚሻለው ታች፣ በሩ አጠገብ ነው።

የሚያሳስበው ግድግዳው ነው። በስተግራ ባለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ አብጦ ይታያል፤ በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ውስጡ እንጨትና ጭቃ ነው፤ በላዩ የተለሰነው ግን ሲሚንቶ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ቋሚዎቹን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። መፍትሔው በበጋ ሲሚንቶውን ማንሳት፣ ግድግዳው እስኪደርቅ መጠበቅ፣ የበሰበሰውን እንጨት መለወጥ፣ ከዚያ በጭድ ተቦክቶ ቢያንስ ሳምንት በከረመ ጭቃ በስሱ ደጋግሞ መመረግና ኖራ መቀባት ነው። ዘይት ቀለም ከተቀባ ችግሩ ይመለሳል። ከጎረቤት ጋር የጋራ የሆነው አሸንዳም ዝናቡ ሳይጀምር መጠረግ አለበት፤ ቅጠል ሲደፍነው ውሃው ተመልሶ በጋራው ግድግዳ ውስጥ ይወርዳል። ጅማ ደግሞ ከመጋቢት እስከ መስከረም የሚዘንብባት ከተማ ናት።

ፎቁ ላይ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ያዘነብላል። ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። ምድር ቤቱን ለማስፋት የውስጡ ግድግዳ ፈርሶ የወለሉን አግዳሚ የተሸከመው ቋሚ ስለተነሳ ጣውላው ወደ መሐል ጎብጧል። በድንጋይ መቀመጫ ላይ አንድ ቋሚ መመለስ ይበቃዋል፤ ግን በቶሎ።

ባለቤቶቹ ሊመሰገኑ የሚገባው ተጣጣፊዎቹን የሳንቃ መዝጊያዎችና የሰገነቱን እንጨት ሳይነኩ በመተዋቸው ነው። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ከእንጨት በረንዳ ምን ያህል ውበት እንደሚወጣ ያውቃል፤ እዚህ እያንዳንዱ የመደገፊያ እንጨት በእጅ የተጠረበ ስለሆነ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙ ቤቶች ይህንን ነቅለው አሉሚኒየም ገጥመዋል።

ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ግቡ።