ለኮድ ሥራ ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ኡቡንቱ?

ዋጋ፦ ኡቡንቱ፣ ማለትም ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ስርዓተ ክወና፣ ነጻ ነው። ዊንዶውስ ፈቃድ ይገዛለታል፤ ክራክ የተደረገውን ግን እባክህ ተወው።

ላፕቶፕ፦ የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ማሽኖችን አይቀበልም።

ሥራው ላይ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ዊንዶውስ በተለምዶ በካፒታል ፊደል የጀመረውንና በትንሹ የጀመረውን የፋይል ስም አንድ አድርጎ ያያል። ሊኑክስ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ የፋይሉን ስም በተሳሳተ ፊደል ከጠራኸው፣ ላፕቶፕህ ላይ ያለ ችግር የሄደው ኮድ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲጫን «ፋይሉ የለም» ብሎ ሊቆም ይችላል። ኡቡንቱ ላይ ስህተቱ ገና ላፕቶፕህ ላይ ስታስኬደው ይያዛል። ዶከርም (ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ያለ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር ሳይከፈት፣ በቀጥታ ሊሠራ ይችላል።

ስጋት፦ ኡቡንቱን ስትጭን ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ባክአፕ!

ዌብና ባክኤንድ (ሰርቨር ላይ የሚሄደውን ክፍል) ለሚሠራ ኡቡንቱ። ቪዡዋል ስቱዲዮ (የማይክሮሶፍት የኮድ መጻፊያ)፣ ፎቶሾፕ ወይም ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ) የግድ ለሚያስፈልገው ዊንዶውስ፤ ደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ቢጨምርበት ሊኑክሱንም ያገኛል።